ጆሮ ደግፍ እና የተከበረው ኮሚቴ

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኔን ግን አጥሬን እንኳ ሳይነኩ ናቁኝ። የልጅ ልጄ የሊያ ጉንጭ ሲያብጥ፣ "ጆሮ ደግፍ ነው፤ ቤት ትዋል" ያልኩት እኔ ነበርኩ። እናቷ ወደ ፋብሪካዋ እየሮጠች፣ "እማዬ ደግሞ፣ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው" አለችኝ። አምስት ልጅ ብታሳድግም ፊደል ያልቆጠረች ሴት ብርድና በሽታ አትለይም ማለት ነው። ልጅቷም የስድስተኛ ክፍል ፈተና ስለደረሰባት ጉንጯን በሻሽ አስራ ሄደች።

እግዜር ይስጠው፣ ትምህርት ቤቱ ኮሚቴ አለው። ኮሚቴው የሊያን ጉንጭ በአጀንዳነት ይዞ፣ ሻይ እየጠጣ በስፋትና በጥልቀት ተወያየበት። በመጨረሻም ታማሚዋ ጓደኞቿን እንዳታስይዝ እስክትድን ቤቷ እንድትቀመጥ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እኔ ጠዋት በነፃ ያልኩትን ከሰዓት በማኅተም አመጡልኝ። እንዲህ ያለ ጥበብ አይቼ አላውቅም።

ኮሚቴው አርቆ አሳቢ ነውና በዚያው ስብሰባ ሌላም ውሳኔ አከለ፤ የታመመ መጠየቅ ባህላችን ስለሆነ፣ ክፍሉ በሙሉ ሄዶ ሊያን ይጠይቅ።

በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ አቶ ኃይለ ገብርኤል ብርቱካን አንጠልጥሎ፣ ተማሪውንና ኮሚቴውን አሰልፎ ደጃፌ ላይ ቆመ።

"ልጅቷን ለምን አስቀራችኋት?" አልኩት።

"እንዳታስተላልፍ ነዋ፣ እማማ የውብዳር።"

"እነዚህንስ ለምን አመጣሃቸው?"

"ሊጠይቋት። ሰው አይደለን እንዴ?"

"እዚህ አይዛቸውም?"

ከረቫቱን አስተካከለ። "እማማ፣ ውሳኔው የሚመለከተው የትምህርት ቤቱን ቅጥር ግቢ ነው።"

ምን እላለሁ፣ ያልተማርኩ ሴት። ገቡ። አልጋው ላይ ተደራርበው ተቀመጡ፤ ያበጠ ጉንጯን በየተራ ሳሙ፤ በአንድ ኩባያ ውሃ ተቀባበሉ። አቶ ኃይለ ገብርኤልም ስለ ጤና አጠባበቅ ንግግር አደረገና፣ ለአርአያነት ሁለቱንም ጉንጯን ስሞ ወጣ። ኮሚቴውም ከኋላው እየተከተለ ሳመ።

ሊያ ድና ወደ ክፍሏ በተመለሰች ሰሞን የክፍል ጓደኞቿ ጉንጭ ተራ ደረሰ። አንዱ ዛሬ ሲያብጥ ሌላው ነገ፣ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ቀረ። አንድ ቀን ዘበኛው ልጅቷን ከበር መለሳት፤ ክፍሉ በሕመም ምክንያት ተዘግቷል፣ አንዲት ተማሪ ብቻዋን ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ አትሞላም ተብሏል። ፈተናውን ግን ጆሮ ደግፍ አልያዘውም፤ በቀኑ ይመጣል። ልጅቷ ክፍልፋይ የሚሉት ሒሳብ አልገባኝም እያለች ደጃፍ ላይ ታለቅሳለች። እናቷም፣ "እማዬ፣ ምን ይሻላል?" ማለት ጀመረች።

ወግ ነውና አቶ ኃይለ ገብርኤልን ልጠይቅ ሊያን አስከትዬ ሄድኩ። ጋቢ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ አንገትና ጭንቅላቱ አንድ ሆኖ ተኝቷል።

"እማማ፣ አይጠጉኝ፤ ይተላለፋል" አለ።

"እኔን በልጅነቴ ይዞኛል፤ እሷም ድናለች። አንተን ያበጠህ ጉንጭህ ነው፣ እጅህ ደህና ነው። ፈተናው እስኪደርስ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ክፍልፋይ ታስተምራታለህ።"

"እማማ፣ ይህ እኮ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ..."

"ኮሚቴው በየቤቱ ጉንጩን ይዞ ተኝቷል። በእግሬ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሊያ፣ ደብተርሽን አውጪ። አንተም ቀና በልና ከመጀመሪያው ጀምርላት።"