በማሰሮ የመጣው ዜሮ

መሣሪያ አይዋሽም ይባላል። ዕድሜዬን ከመሣሪያ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝና እኔም እመሰክራለሁ፤ አይዋሽም። ችግሩ የተጠየቀውን ብቻ መመለሱ ነው። ሰው ቢሆን ጥያቄያችሁ ቢንጋደድ እንኳ «ይህን ለማለት ፈልገህ ነው» ብሎ ያቃናላችኋል። መሣሪያ ይህ ደግነት የለውም።

በደርግ ዘመን የውሃ ምርመራ ባለሙያ ሳለሁ ፎቶሜትር የሚባል ዕቃ ተሸክሜ እዞር ነበር። የምሳ ዕቃ የምታክል ሣጥን ናት። ውሃውን በትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ትቀዱና መጀመሪያ እንዳለ ታሳዩአታላችሁ፤ «ዜሮ ማለት ይህ ነው» ማለታችሁ ነው። ከዚያ እንክብል ትጨምሩበታላችሁ። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ እሷም የሮዝነቱን ልክ በቁጥር ትናገራለች። ብልቃጡ ላይ የጣት አሻራ ከቀረ አሻራውንም ትቆጥራለች። ክዳኗ በደንብ ካልተገጠመ ፀሐይዋንም ጭምር። እንዲህ ያለ ነገረኛ በእናንተም ሰፈር አይጠፋም።

አንድ ቀን ቀራንዮ አካባቢ ወዳለ ቀበሌ ተላክሁ። ቀበሌው ከምንጭ የሚሞላ የራሱ የውሃ ማጠራቀሚያ ነበረው፤ ክሎሪን የሚጨምሩበት ዘበኛው አቶ ወልዴ ናቸው። ሰፈሩ ውስጥ ተቅማጥ ገባ። ወዲያው «ክሎሪኑ የወልዴን ሚስት ነጠላ እያነጣ ነው» የሚል ወሬ ተነሣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለው ነገር ስም ነበረው፤ አሻጥር። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ከቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ካለችው ክፍል ይገባል። መቼ እንደሚወጣ ደፍሮ የሚጠይቅ የለም።

ስደርስ ኮሚቴው አዳራሹ ውስጥ ተሰብስቦ፣ ውሃውም በማሰሮ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ጠበቀኝ። ጠጅ በብርሌ ነው፤ የምርመራ ውሃ ግን በማሰሮ አይደለም። ደንቡ ራሴ ከቧንቧው እንድቀዳ ያዛል። ነገር ግን ሽማግሌው ዘበኛ ከማጠራቀሚያው ድረስ ያን ዳገት ወጥተው፣ ማሰሮውን በሁለት እጃቸው እየገፉ፣ «ይኸው ጌታዬ» ሲሏችሁ እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ? ይሉኝታ ያዘኝና ተቀበልኩ።

«ጌታ ቀርቷል አባባ ወልዴ፣ ጓድ ይበሉ» አለ ወጣቱ ሊቀመንበር፣ በትሕትና።

ብልቃጡን ወለወልኩ። እንክብሉን ጨመርኩ። ውሃው እንደ ነበረ ቀረ። መሣሪያዋ ዜሮ አለች።

«ጓድ ወልዴ፣ ክሎሪኑን የት አደረስከው?» አለ ሊቀመንበሩ።

አንቱታው ከክሎሪኑ ጋር አብሮ ጠፍቷል።

«ዛሬ ጧት ጨምሬያለሁ! መድኃኔ ዓለም ምስክሬ ነው!»

«ኮሚቴው መድኃኔ ዓለምን በምስክርነት አልመዘገበም» አለ ሊቀመንበሩ። በር ላይ የነበረው ጠመንጃ ያዥ አብዮት ጠባቂ ቀበቶውን አጠባበቀ።

ጊዜ ለመግዛት ልድገመው አልኩና ወደ ማሰሮው ሳጎነብስ ወይራ ወይራ ሸተተኝ።

«አባባ፣ ይህ ማሰሮ ታጥኗል እንዴ?»

«ምን ማለትዎ ነው? የመንግሥት እንግዳ ይመጣል ስላት ባለቤቴ ሁለቴ አጠነችው። ባልታጠነ ዕቃ ውሃ ይቀርባል?» አሉ ተቀይመው። ሊታሰሩ ጥቂት እንደቀራቸው ለጊዜው የረሱት ይመስላሉ።

ክሎሪን ከጢስ ጋር ሲገናኝ ጀርም መግደሉን ትቶ እሱኑ ሲታገል ያልቃል፤ ለመሣሪያዋ የተረፈ አልነበረም። ኮሚቴውን አስከትዬ ወደ ማጠራቀሚያው ወረድኩ። ቧንቧውን ከፍቼ ጥቂት አፈሰስኩ፤ ብልቃጡን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁ። እንክብሉ ከመግባቱ ውሃው ሮዝ ሆነ። ቁጥሩም ልክ ነበር። አቶ ወልዴ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። «ሁለት ውጤት ቀርቧል፤ ቤቱ የትኛውን ይቀበላል?» አለ ሊቀመንበሩ። የጢሱን ነገር አስረዳሁ። «ማብራሪያው በቃለ ጉባኤ ይያዝ» አለና እጅ አስወጣ። ሮዙ በሙሉ ድምፅ አለፈ። አቶ ወልዴ አባል ባይሆኑም ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተው ነበር።

ይህን ጊዜ የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ ጠየቁ። «ውሃው ደኅና ከሆነ ልጆቻችንን የሚያስቀምጣቸው ምንድን ነው?»

ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በእርስዎ ቤት ውሃ የሚቀመጠው በምንድን ነው?»

«በእንስራ ነዋ።»

«ይታጠናል?»

«እንዴታ! ባለቤቴ በየጧቱ በወይራ...»

ከአዳራሹ ጀርባ ያለችው ክፍል ትዝ ሳትለው አልቀረችም። አብዮት ጠባቂውን አየ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡን አየ፤ እኔን አየ።

«ሌላ አጀንዳ ስለሌለ» አለ፣ «ስብሰባው ተዘግቷል።»