«መጣሁ» ብለው የማይሄዱት ጋሽ መርስዔ

እግዚአብሔር ለየሰፈሩ አንድ ቀልደኛ፣ አንድ ነገረኛና አንድ የማይዋሽ ሰው መድቧል። ከሦስቱ አብሮ ለመኖር የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው። ቀልደኛው ሲደክመው ይተኛል፤ ነገረኛውንም ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቀዋል። የማይዋሽን ሰው ግን ምን አጠፋህ ብለው ይይዙታል?

የአስተማሪው የአንዳርጋቸው ሰፈር የማይዋሽ ሰው የገዛ አከራዩ ናቸው፤ ክቡር አቶ መርስዔ ኀዘን፣ የባሕር ዳር ከተማና የአካባቢዋ የንግግር ጥራት ተቆጣጣሪ። ሹመቱን የሰጣቸው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ ቆመው፣ በፊታቸው በሚያልፍ ጨርቅ ላይ የተበጠሰ ክር ሲፈልጉ ኖሩና ጡረታ ወጡ። ዓይናቸው ግን አብሯቸው ጡረታ አልወጣም፤ ጨርቅ ሲያጡ ወደ ሰው አፍ ዞሩ።

ሰው ከቤት ሲወጣ «መጣሁ» ይላል፤ ሁሉም ይላል። ጋሽ መርስዔ ፊት ግን ይህን ያለ ሰው ደጃፉን ሳያልፍ ይያዛል። አልመጣህም፣ እየሄድህ ነው ይሉታል። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን ጥያቄ ያስከትላሉ።

«አሁን እግዚአብሔር ይህን ሰምቶ ምን ያድርገው?»

እምነታቸው ይኸው ነው። እግዚአብሔር የማይሰማው ቃል የለም፤ የሰማውንም እንደኛ በአንድ ጆሮው አስገብቶ በሌላው አያስወጣም። ስለ ሐሰት ምስክርነት የተጻፈው ትእዛዝ ላይ ሰላምታንና ግብዣን አይመለከትም የሚል ማስታወሻ አልተጨመረበትም። ስለዚህ «እንደምን አደሩ?» ያላቸው ሰው መቆም አለበት። ግራ ጉልበታቸውን፣ የጎረቤትን ውሻና ያላለቀውን ሕልማቸውን በየተራ ካስረዱ በኋላ ነው «ይህም ሁሉ ሆኖ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚሉት። የሚያመሰግኑበትን ሳይናገሩ ማመስገን ለእሳቸው ባዶ ፖስታ መላክ ነው።

አንድ የክርስትና ድግስ ላይ አንዲት ዘመድ ጉርሻ ይዛ «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያለች ብትለምናቸው፣ አፋቸውን ገጥመው ቆጠሩላት። ሦስት ጊዜ ሞታ ሁለት ጊዜ አፈር መሆኗን በሰው ፊት ነገሯት። ሴትዮዋ ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት ግን ብልሃቱን ካገኙት ቆይተዋል፤ ሳህኑን ያስቀምጡና ዝም ይላሉ።

ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሄዱ የሆነውማ ገና ይወራል። ቀዛፊው ተሳፋሪውን ለማጽናናት ሐይቁ መካከል ላይ «ደረስን፣ ደረስን» አለ። ጋሽ መርስዔ ጫማቸውን አጠለቁ፣ በትራቸውን አነሡ፣ ደረስን ካልህ ልውረድ ብለው አንድ እግራቸውን ከጀልባዋ አወጡ። ሁለት መነኮሳት በጋቢያቸው ጎትተው አስቀመጧቸው። ቀዛፊው ከዚያ ወዲህ «ቀርቶናል» ነው የሚለው።

አንዳርጋቸው የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ አስተማሪ ነው፤ አንድ ቀን ደፍሮ ተከራክሯቸው ነበር። እግዚአብሔር ልብን ያውቅ የለም ወይ፣ «መጣሁ» ያለው ሰው እመለሳለሁ ማለቱ እንደሆነ አይጠፋውም አላቸው። ጋሽ መርስዔ ቀኑን ሙሉ አሰቡበት። ማታ በሩን አንኳኩተው «ልብ ከበቃው አፍን ለምን ፈጠረ?» ብለውት ሄዱ።

ከሁሉ የሚከነክነው ግን ሌላ ነበር። ሽማግሌ ሁሉ ወጣቱን ሁሉ «ልጄ» ይላል፤ እሳቸው አይሉም። ልጅ አልወለዱም፤ ያልወለዱትን ልጄ ማለት የሌላ አባት ልጅ መውሰድ ነው ባይ ናቸው። አራት ዓመት ግቢያቸው ሲኖር አንዳርጋቸውን የሚጠሩት «አንተ ተከራይ» እያሉ ነው። እሱ ደግሞ እናትም አባትም የሉትም፤ እንፍራንዝ ያለች አክስቱ ናት ያሳደገችው። አንድ ቀን እንኳ «ልጄ» ቢሉት ምን ነበረበት እያለ በልቡ ይቀየማቸው ነበር።

እንግዲህ አንዳርጋቸው ወንጌላዊትን ሊያገባ ፈለገ። ወንጌላዊት አብራው ታስተምራለች፤ አባቷ ሰባታሚት የሚኖሩት የዜማ መምህር መሪጌታ ፍሬ ስብሐት ናቸው። መሪጌታ ከዚህ በፊት ከሌሎች ተልከው ሁለት ጊዜ የመጡ ሽማግሌዎችን እንደቆሙ መልሰዋል። አባቴ እንቢ ካለ እኔም የለሁበትም ብላ ነግራዋለች። ስለዚህ አንዳርጋቸው የተመረጡ ሦስት ሰዎች አዘጋጀ። ከሦስቱ ዋነኛው ድንጋይ የሚያለሰልስ አንደበት ያላቸው አቶ ኃይለ ገብርኤል ነበሩ።

እሑድ ጠዋት የአቶ ኃይለ ገብርኤል ጥርስ አበጠ። ከእንባ በቀር ከአፋቸው የሚወጣ ጠፋ፤ እንባውም የሚወጣው ከዓይናቸው ነበር። ሁለት ሰው ደግሞ ሽማግሌ አይባልም።

ወይዘሮ የሺመቤት ነገሩን ሰምተው «የኔን ውሰዳቸዋ» አሉ።

አንዳርጋቸውን ላብ አጠመቀው። ሌላ ሰው ግን በዚያ ሰዓት ከየት ይመጣል? መንገድ ላይ ጋሽ መርስዔን ዋሹልኝ አላላቸውም፤ ዝም ይበሉልኝ ብቻ ብሎ ለመናቸው። ካልተጠየቅሁ ዝም እላለሁ ብለው ቃል ገቡ።

ሙሽራ ሽማግሌ ተከትሎ አይገባምና አንዳርጋቸው ባጃጅ መቆሚያው ላይ ቀረ። ወንጌላዊት ከመጋረጃ ጀርባ ሆና በስልኳ መልእክት ትልክለታለች። የመጀመሪያው «ገቡ» ይላል። ሁለተኛው «ሁለቱ ቆመዋል፣ ያንተው ተቀምጠዋል» ይላል። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም፤ ጋሽ መርስዔ ግን ጉልበቴ አይችልም፣ እንደሚችል ሆኜ መቆም ውሸት ነው ብለው ወንበር ስበዋል። ሦስተኛው «አባቴ ወደ እሳቸው ዞረ» አለና ስልኩ ጸጥ አለ።

ከዚያ የሆነውን ወንጌላዊት ኋላ ደውላ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነው የነገረችው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የኮሌጁ የክፍል ኃላፊ አቶ ገብረ መስቀል፣ ልጁ ጾመኛ ነው ብለው መስክረው ነበር። መሪጌታ ይህን እርስዎም ያውቃሉ ወይ ብለው ጋሽ መርስዔን ጠየቁ።

«ዓርብን ይጾማል» አሉ ጋሽ መርስዔ። «አንድ ረቡዕ ግን ከክፍሉ የእንቁላል ሽታ ወጥቷል። እንቁላሉን አላየሁም፤ የምመሰክረው ሽታውን ነው።»

አቶ ገብረ መስቀል ሳል ያዛቸው። መሪጌታ ቅዳሴስ ይሄዳል ወይ አሉ። ይሄዳል፣ ነገር ግን «ደረስሁ» ይላል እንጂ ሲጀመር ደርሶ አያውቅም ተባሉ። ሌላስ ሲሉ፣ ልብስ ሲያጥብ እንደሚያፏጭ ሰሙ። ደግሞስ ሲሉ፣ ወይዘሮ የሺመቤት ታመው በተኙ ጊዜ ዐሥራ አንድ ቀን ውኃ ቀድቶ፣ ገንፎ አገንፍቶ፣ ዐሥራ ሁለተኛው ቀን እንደረሳ ሰሙ።

መሪጌታ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ለመሆኑ ልጁ ለእርስዎ ምንዎ ነው?» አሉ።

መልሱ የታወቀ ነው፤ ተከራዬ ነው። ጋሽ መርስዔ አፋቸውን ከፈቱ፣ መልሰው ገጠሙ። ወደ ጣሪያው ቀና አሉ።

«ልጄ ነው» አሉ።

መሪጌታ ተነሡና ለቆሙት ሁለቱ ወንበር ሳቡ። ስንቱ ሽማግሌ መጥቶ ሁሉም ልጅ ጾመኛ፣ ሁሉም ልጅ መልአክ ነበር፤ ስለ እንቁላሉ የነገረኝ አንድም የለም አሉ። እንቁላሉን ያልደበቀ ሰው ልጄ ካለ ልጁ ነው፣ ቀኑን እንቁረጥ አሉ።

አንዳርጋቸው ይህን ሲሰማ እዚያው ባጃጅ መቆሚያው ላይ አለቀሰ። የአቶ ኃይለ ገብርኤልን ጥርስ ጠዋት የረገመውን ያህል አመሰገነው። አራት ዓመት የተቀየማቸውንም ሰውዬ ሲወዳቸው እንደኖረ ያን ጊዜ ገባው።

ጋሽ መርስዔ ግን በማግስቱ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ፤ ሲመለሱም እንደተከፉ ነበር። ዋሽቻለሁ ብለው ቢናገሩ፣ ይጸጸታሉ ወይ ተባሉ። አልጸጸትም ቢሉ፣ ያልተጸጸቱበትን ይዘው ምን ሊሠሩ መጡ ተብለው ተመለሱ። ሠላሳ አንድ ዓመት ክር ለይተው፣ ይህ አንዱ የተበጠሰ ይሁን ያልተበጠሰ መለየት አቃታቸው።

አንዳርጋቸው አጠገባቸው ተቀመጠና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀሰረ።

«ጋሼ፣ አሁን እግዚአብሔር ይህን ሰምቶ ምን ያድርገው?»

ጋሽ መርስዔ የተቀሰረውን ጣት ይዘው ዝቅ አደረጉት።

«እውነት ያድርገው» አሉ።

የሠርጉ ዕለት ጋሽ መርስዔ ቤተ ክርስቲያን የደረሱት ከዲያቆናቱ ቀድመው ነው። ትንሽ ቆይተው ደወሉ፤ የት ደረስህ አሉት። አንዳርጋቸው ክፍሉ ውስጥ በአንድ እግሩ ቆሞ ሁለተኛውን ካልሲ ይፈልጋል።

«ደረስሁ» አለ፣ እንደ ልማዱ።

«ልጄ አይዋሽም» አሉ ጋሽ መርስዔ። «የት ነህ?»

«ካልሲ ጠፍቶኝ ነው፣ አባቴ፤ ገና ቤት ነኝ። መጣሁ።»

ቃሉ ካፉ ካመለጠ በኋላ ታወቀው። ዓይኑን ጨፍኖ ጥያቄውን ጠበቀ።

«እሺ» አሉ ጋሽ መርስዔ። «ና።»