የእትዬ ዘመነች ቅባት

በየሰፈሩ የሐኪምን መድኃኒት ካላሻሻሉ እንቅልፍ የማይወስዳቸው አንድ ሰው አይጠፉም። የእኛ የቀራንዮዎቹ ክብርት እትዬ ዘመነች ናቸው።

ከፋርማሲ የተገዛ የሕመም ማስታገሻ ቅባት እንዳለ አይቀቡም። ሳህን ላይ ይጨምቁትና አልኮል ጨምረው በማንኪያ ይመቱታል። «ቅባት ብቻውን ከቆዳ ላይ ይቀራል። በር የሚከፍትለት አልኮሉ ነው» ይላሉ። ተቃጠልኩ ያለ ሰው የሚያገኘው መልስ «እየገባ ነዋ» ነው። አንዴ ከጦር ኃይሎች ወደ ዓለም ባንክ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የማያውቋትን ሴት አንገት ሲያሹ፣ ተሳፋሪው በሙሉ መስኮት ከፍቷል።

ጎረቤታችን ጋሽ ገመቹ ጉልበታቸውን ሲያማቸውም እትዬ ዘመነች ጠዋት ማታ እያሹ በፕላስቲክ ይጠቀልሉላቸው ጀመር። ጉልበቱ ተሻለው። ጋሽ ገመቹ ግን ለልባቸው ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። አንድ ጠዋት ድዳቸው ደማ፤ አልቆም አለ። ሳያት የምትባለው ልጃቸው ሆስፒታል ወሰደቻቸው። እትዬ ዘመነችም ሳህናቸውን በፌስታል ይዘው ተከተሉ።

ሐኪሙ ሌላ የወሰዱት ነገር እንዳለ ጠየቀ።

«ምንም» አለች ሳያት።

«አለ። እኔ ነኝ ያደረግሁት» አሉ እትዬ ዘመነች፤ ሳህኑን አውጥተው አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ።

ሐኪሙ አሸተተው። «ይኼ ቅባት የደም ማቅጠኛውን ጉልበት ይጨምራል። አልኮሉና ፕላስቲኩ ደግሞ በቆዳ በኩል ብዙውን ወደ ደም አሳልፈውታል።»

«ገብቷል ማለት ነው?»

«ከሚገባው በላይ ገብቷል፣ እናቴ። መናገርዎ ግን ጠቅሞናል።»

ጋሽ ገመቹ ድነው ተመለሱ። እትዬ ዘመነች ከዚያ በኋላ በየበሩ ዞሩ። «በብልቃጥ የሰጠኋችሁን ቅባት መልሱ። ተሳስቻለሁ። ሐኪም ሳትጠይቁ ምንም እንዳትቀቡ።» «ለእኔ ተስማምቶኛል» ብሎ የተከራከረም ነበር፤ ብልቃጡ እስኪወጣ ከደጁ ንቅንቅ አላሉም።

ሁሉን አዋቂ ብዙ አይቻለሁ፤ ተሳስቻለሁ ለማለት በር የሚያንኳኳ ግን ሌላ አላውቅም።

እኔም የእኔን ብልቃጥ አስረከብኩ። እትዬ ዘመነች ሊሄዱ ሲሉ ቆም ብለው እጃቸውን አዩ። ሥራ የፈታ እጅ ነበር።

«ትከሻዬን ያመኛል» አልኳቸው።

«ቁጭ በል። በደረቁ ነው የማሽህ» አሉኝ፣ ፌስታሉን መሬት እያስቀመጡ።

ትከሻዬን አሞኝ አያውቅም።