የጠፋ ሰው ያየ

ባትሪ ባያልቅ ኖሮ ዕቃውም እንደ ሰው ሲያወራ ይውል ነበር። የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ መጋዘንና እርሻ ውስጥ ተበትነው ሙቀትና እርጥበት እየለኩ ያለ ሽቦ ስለሚነጋገሩ ጥቃቅን ሴንሰሮች። ሺዎቹ ሁሉ ያዩትን ሁሉ እናውራ ካሉ በጥቂት ቀን ባትሪያቸው ይሞታል። ስለዚህ ጎረቤታሞቹ ለአንዱ ይነግራሉ፤ እሱ ጨምቆ አንዲት ቃል ወደ ላይ ይልካል። ተማሪዎቼ ነገሩ ከፈረንጅ መጽሐፍ የመጣ ይመስላቸዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ያየሁት መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ነው፤ እያስነጠስኩ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እህል በረንዳ ጤፍ ሲሸጥ ኖሮ፣ ሱቁን ለሌላ ካስረከበ በኋላ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ መነጽሩን፣ ቀጥሎ የእኔን ስም። የጤፍ ዓይነት ግን አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህ ትንሽ ተቀይሜው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ጋቢ ልገዛለት ሸማ ተራ ይዤው ሄድኩ። ዋጋ ስከራከር ቆይቼ ዞር ብል አባቴ የለም። ቅዳሜ መርካቶ ውስጥ ሰው ጠፍቶባችሁ የሚያውቅ ከሆነ የቀረውን መናገር አያስፈልገኝም። ጊዜው ሞባይል ገና ብርቅ የነበረበት ነው፤ እኔም አንዱን ወገቤ ላይ ሰክቼ እንጎማለል ነበር። ስልክ ላላቸው ነጋዴዎች ሁሉ ደወልኩ። እነሱም እየተነሱ «እኛ ጋ የለም» ሊሉኝ መልሰው ደወሉ። የለም፣ የለም ሲባል የስልኬ ባትሪ አልቆ ድርግም አለ። አባቴ ብቻውን አስፋልት ሲያቋርጥ እየታየኝ እስከ በርበሬ በረንዳ ሮጥኩ።

የአባቴ የጥንት ወዳጅ፣ በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ሙሉነሽ፣ ከጆንያዎቻቸው መሃል አይተው ጠሩኝ፤ የሆነውን ነገርኳቸው። «አገር ምድሩን ምን አስለፈለፈው?» አሉኝ። «ከየተራው አንድ ሰው ይበቃል። እሱ የራሱን ሰዎች ይጠይቅ። ያላየ ዝም ይበል፣ ያየ ብቻ ወደኔ ይላክ።»

ተሸካሚዎቹ «የጠፋ ሽማግሌ ያየ» የሚለውን ቃል ይዘው እስከ ጭድ ተራ ድረስ ተበተኑ። እኛ ተቀምጠን ጠበቅን። ከየትም መልስ አልመጣም። መልስ አለመምጣት ደግሞ፣ በእትዬ ሙሉነሽ ሕግ፣ የለም ማለት ነው። የተማርኩ መሐንዲስ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ በበርበሬው አሳበብኩ።

እሳቸው ግን የራሳቸውን ሕግ አላመኑትም። «ተነስ፣ እህል በረንዳን በዓይናችን እንየው» ብለው ነጠላቸውን አጣፉ።

አባቴ የድሮ ሱቁ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ጤፍ በመዳፉ ዘግኖ እፍ እያለ፣ ስለ ማኛ ለአንዲት ገዢ ያስረዳል። አጠገቡ ሱቁን የተረከቡት ጋሼ ሸምሱ ቆመዋል። ለዚያ ተራ እንዲጠይቁ የተመረጡትም እሳቸው ነበሩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው።

«የጠፋ ሰው ያየ ነው የተባልኩት» አሉ፣ ግር ብሏቸው። «የጠፋ ሰው አላየሁም። አባትህ ሱቃቸው ናቸው።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝና በስሜ ጠራኝ። ከስንት ወር በኋላ የመጀመሪያው ነበር። ጋቢው ቀረ፤ ማኛውን ሸጦ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ከዚያ ወዲያ፣ እስኪያርፍ ድረስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው በርጩማ ላይ አስቀምጠው ነበር።

ያ ደጃፍ ዛሬ ፎቅ ሆኗል። በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና፣ ዝም ያለውን ሴንሰር ምን ብለን እንመዝግበው ይለኛል። መጽሐፉ ተበላሽቷል በሉት ይላል። ጋሼ ሸምሱ ትዝ እያሉኝ፣ ለፈተናው እንደዚያው ጻፉ እላቸዋለሁ፤ እኔም ማረም አለብኝና።