ተሹሞ ያላበላ

የሰው ልጅ ሲፈጠር ክፉ ነው ወይስ ደግ? ይኼ የጋምቤላ ጥያቄ አይደለም። በዚያ ሙቀት ሰው የሚጠይቀው ጥላ የት እንዳለ ነው። እኔ ግን መንግሥት ደሞዝ እየከፈለኝ ይኼንኑ አስተምር ነበር። ክልል የሆንን ሰሞን ነው፤ ማኅተሙ ከቢሮው ቀድሞ የመጣበት፣ ታፔላ ተጽፎ መስቀያ ግድግዳ የጠፋበት ጊዜ። ሥነ ዜጋ የሚባል ትምህርት መጣና መምህር ሲፈለግ፣ አንተ ወሬ ትወዳለህ ብለው ለእኔ ሰጡኝ። አልተሳሳቱም።

ትምህርቱ ምን ይላል መሰላችሁ? ድሮ ድሮ ሰው ያለ መንግሥት ሲባላ፣ ሲዘራረፍ ኖረና መረረው። ተሰበሰበና አንዱን መርጦ ተዋዋለ። እኛ እንታዘዝልሃለን፣ አንተ ደግሞ ትጠብቀናለህ አለው። በቃ፣ መንግሥት ተወለደ። እስቲ ሙት በሉኝ፣ ይኼን ውል ሲዋዋል የነበረ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ገበያው አጠገብ ሱቅ ያላቸው ጋሽ ጀማል ይኼን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁብኝ። ሰው ዱላ ካላየ አይታረምም ባይ ናቸው። የምን ውል አመጣህ፣ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ሲባል አልሰማህም ወይ አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የእኛ የደገኞቹ ሕገ መንግሥት ይኼው ነው፤ አጭር ስለሆነ ሁሉም በቃሉ ይዞታል።

ይኼን ተረት ለኦጁሉ ብነግረው ግራ ገባው። ኦጁሉ የሒሳብ መምህር ነው፣ አኙዋክ ነው፣ ባሮን ቁልቁል ይዘው ሲሄዱ ከሚገኙት መንደሮች በአንዱ ነው የተወለደው። በእኛ ዘንድ ተገላቢጦሽ ነው አለኝ። የመንደሩን ሹም ኳሮ ይሉታል። ፊቱ ሲቀርቡ ዝቅ ይባልለታል፣ ቀና ብሎ የሚያልፈው የለም። ግን በነጻ አይደለም! ኳሮ ያበላል፣ ያጠጣል፣ ለተቸገረ ይደርሳል። እጁን የሰበሰበ ቀን መንደሩ ይወጣና ከበሮ ይመታበታል። ሹመትህ አበቃ፣ ውጣ ማለት ነው። እኛ ተሹሞ ያልበላ ይቆጨዋል ስንል፣ እነሱ ተሹሞ ያላበላ ይሻራል ይላሉ።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልግባ፣ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ለእነ ኦጁሉ ወረዳ አዲስ ኃላፊ ተሾመ። የአገሩ ልጅ ነው፤ ግን አዲስ አበባ አድጎ ቋንቋውን እንኳ አያውቅም። የመንደሩ ሰው እንደ ልማዱ ዝቅ እያለ ተቀበለው። ኃላፊው ይኼ በጣም ተመቸው። ከልማዱ እኩሌታውን ወደደ፣ የቀረው እኩሌታ መኖሩን የነገረው የለም፤ ቢነገረውም አይሰማም ነበር። ወረዳው አንዲት ሞተር ጀልባ ነበረችው። ክረምት ወንዙ ሞልቶ መንገድ ሲቆረጥ ሕመምተኛ ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል እንድታደርስ የተሰጠች ናት። እሱ ምን አደረጋት? ትራስ አስነጥፎ እንግዳ ያንሸራሽርባታል! ጉማሬ ላሳያችሁ እያለ።

የኦጁሉ እህት አሪየት ምጥ የያዛት እንዲህ ባለ ቀን ነው። ኦጁሉ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እዚያው መንደሩ ነበር። ጀልባዋን ሊጠይቅ ሮጦ ቢሄድ ዘበኛው ለሥራ ወጥታለች አለው። ሥራ! ምን ያድርጉ? ወንድሞቿ በታንኳ አስተኝተዋት ያንን የሞላ ወንዝ ሽቅብ መቅዘፍ ያዙ። መሐል መንገድ ላይ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሞተር ጀልባዋ። ጮኹ፣ ተጣሩ፣ ልብሳቸውን አውልቀው አራገቡ። ኃላፊው ትራሱ ላይ እንደተደገፈ እጁን አውለበለበላቸውና አለፈ። እንግዶቹ ፎቶ አነሷቸው። ጀልባዋ የለቀቀችው ማዕበል ታንኳዋን ሊገለብጣት ሲል ለጥቂት ነው የተረፉት።

ጋምቤላ ወንዙ ዳር ከታንኳዋ ካወረዷት ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። አሪየት ተረፈች። ልጇ አልተረፈም።

ውኃው ጎደል ሲል ለቅሶ ልደርስ መንደራቸው ሄድኩ። አሪየት ስለዚያ ቀን ነገረችኝ። ኃላፊው እጁን ሲያነሳ ባየሁ ጊዜ የጀልባዋን ነጂ ተመለስ እያለው መስሎኝ ነበር ነው ያለችኝ። እግዜር ያጽናሽ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እዚያው እንዳለሁ ከበሮ ተመታ። መንደሩ ነቅሎ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ቆመ። ዝቅ ያለ አንድም ሰው የለም። ኃላፊው ሱፉን ገጭ አድርጎ ወጣ፤ ፊቱ በፈገግታ ተሞልቷል። በስመ አብ! ለክብሩ የተመታ መስሎት ትከሻውን ነቅነቅ ሲያደርግ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። የኦጁሉ አባት ወደ ፊት ወጡና፣ ከዛሬ ጀምሮ የእኛ አይደለህም ብለው በቋንቋቸው ተናገሩ። የሚያስተረጉመው ያው ዘበኛ ነው። ዘበኛው እንጀራው ነውና ላብ አጠመቀው፣ ከዚያ ሕዝቡ ስለ እርስዎ እየተናገረ ነው አለ። አልዋሸም እኮ! ኃላፊው ለደማቁ ዝግጅት አመሰገነ፣ አጨበጨበ። ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት ሄደ። እሱ ምሳ ሰዓት ስለደረሰ መስሎታል።

አሁን ፍርዱን ስጡኝ። ውል አፍራሽ ተሽሯል፣ መጽሐፉም ከበሮውም አንድ ቃል ተናግረዋል። ታዲያ ምን ሆነ? ሰውየው ሕዝቡ በከበሮ ድጋፉን ገለጸልኝ ብሎ ለበላዮቹ አወራ። እነሱ ደግሞ ሕዝብ እንዲህ የወደደው ሰው ወረዳ ላይ አይባክንም ብለው ጋምቤላ ከተማ ትልቅ ወንበር ሰጡት። ከነመኪናው! በመጀመሪያው ወር ትምህርት ቤታችን መጥቶ ስለ ሕዝብ ሥልጣን ንግግር አደረገልን። እኔ ከፊት ነበርኩ። ወይ ነዶ!

ከኦጁሉ ጋር ወሬውን ይዘን ወደ አባቱ ሄድን። እንዴት ብለን እንንገራቸው ብለን ተጨንቀን ነበር። ሽማግሌው ግን ቅንጣት አልደነቃቸውም። ኦጁሉ እያስተረጎመልኝ፣ ታዲያ የት ይሄዳል ብላችሁ ነበር አሉ። በእኛ ልማድ ከበሮ የተመታበት ኳሮ ሜዳ ላይ አያድርም፤ ወደ እናቱ ወንድሞች ይሸሻል፣ አጎቶቹ ያስጠጉታል፣ ያበሉታል። የዚህም ሰውዬ አጎቶቹ ከተማ ናቸው ማለት ነው አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ራሳቸው በአማርኛ ጠየቁኝ።

"አንተስ መምህር፣ አጎቱ ነህ?"

ደሞዜን ማን እንደሚከፍለኝ ታውቃላችሁ። ምን ልበላቸው?