ቤሌ መጥፋቷን ራሷ ስታስታውቅ

እኛ አገር «እንዴት ነህ?» ለተባለ ሰው እውነቱን መናገር ነውር ነው። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ እኔም ያው ነኝና። ጥርሱን ያመመው ሰው እንኳ ጉንጩን በፎጣ እንደጠቀለለ «ደህና፣ ጌታ ይመስገን» ይላችኋል። ቤተሰብ? ደህና። ከብቱስ? ደህና። ዝናቡስ? እሱም ደህና። ተጨባብጣችሁ ጥቂት እርምጃ ከሄዳችሁ በኋላ ዞር ይልና «ብቻ ላሚቱ ሞተችብን» ብሎ ያክላል። ከሰው ጋር የምር መነጋገር የሚጀመረው ከተሰነባበቱ በኋላ ነው። ይህን ወላይታ ሶዶ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ ለምን እንደጠፋኝ ነው የማይገባኝ።

ጊዜው በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቀስት የበዛበት ሰንጠረዥ የሚለጠፍበት፣ ሠራተኛው ሁሉ የአሠራር ለውጡን ቢፒአር ቢፒአር የሚልበት ጊዜ ነው። አዲስ አበባ በኮምፒውተር ተመርቄ፣ የሶዶን ፀሐይ በኮት እየተከላከልኩ ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመለስኩ። የሕፃናት ክትባት ለወረዳዎች የሚያከፋፍል አንድ መሥሪያ ቤት ቀጠረኝና ኃላፊው ጋሽ ጴጥሮስ በመጀመሪያው ሳምንት አስጠርተው «ሲስተም ሥራልን» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክትባቱ ከሶዶ ወጥቶ ወደ ቦምቤ፣ ወደ ቤሌና ወደ ሃላሌ ይሄዳል። ሦስቱም ጋ አንዳንድ ኮምፒውተር አለ፤ ሶዶም አለ። እያንዳንዱ በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ክትባት ራሱ ይይዛል፤ መስመር ሲኖር ለሌሎቹ ያስታውቃል፤ መስመር ሲጠፋ ደግሞ በሚያውቀው እየሠራ ይቆይና መስመሩ ሲመለስ መዝገባቸውን ያስተያያሉ። የሙያችን ራስ ምታት ዝምታ ነው። አንዱ ከተማ ዝም ሲል ሞቶ ይሁን፣ ዘግይቶ ይሁን፣ መስመሩ ተቆርጦ ይሁን በምን ታውቃላችሁ? ስለዚህ ሲስተሙ ከመሠራቱ በፊት በወረቀት ይነደፋል። እኔም ነደፍኩ። መልእክት ቢጠፋ፣ ቢዘገይ፣ ሁለቴ ቢደርስ ምን እንደሚሆን በክብና በቀስት ሥዬ ግድግዳውን ሞላሁት፤ እንግዳ ሲመጣ የከተማው የውሃ ቧንቧ ካርታ ይመስለው ነበር። በመልእክት ላይ ሊደርስ የሚችል መከራ ሁሉ ታስቦበታል። ላኪው ይሉኝታ ያለው ሰው ሊሆን እንደሚችል ግን አንድም ቀስት አልተሣለለትም።

መጀመሪያ ኮምፒውተሮቹን አንድ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ሞከርኩት። ገመድ እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ፤ ሲስተሙ ንቅንቅ አይልም። ነገር ግን ሱቅ ውስጥ ምንጣፍ ላይ የተለካ ጫማ የቤሌን ጭቃ አያውቅም። እናም ለሦስቱም ከተሞች ስልክ ደወልኩ። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እስከ ምሳ ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀሉት፤ ሥራችሁን በወረቀት ቀጥሉ፤ ከዚያ ሰክታችሁ መዝግቡ፤ እኔ ሲስተሙ እንዴት እንደሚያገግም አያለሁ አልኳቸው። መቋረጡ ጥፋት እንዳልሆነ፣ እንዲያውም የምፈልገው እሱኑ እንደሆነ ደጋግሜ አስረዳሁ። ሁሉም እሺ አሉ።

እሺ ያሉበትን ዘመን አትርሱ። ወረዳ ከወረዳ እየተወዳደረ ደረጃ የሚሰጠው፣ ግምገማ ላይ ሰው ስሙ እንዳይነሳ የሚጸልይበት ዘመን ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንዱን ከተማ «ሥራህን አቁምና ዞኑ ይይህ» ማለት፣ ሰውዬውን ተነስተህ ራስህን ውቀስ እንደማለት ነው። እኔ ራሴ ዕቅዴን መቶ በመቶ አከናውኛለሁ ብዬ ከግምገማ የወጣሁት በዚያው ሰሞን ነበር።

ሐሙስ ደረሰ። ሦስት ሰዓት አልፎ ትንሽ እንደቆየ ከቤሌ መልእክት መጣ። «በተሰጠን መመሪያ መሠረት ኮምፒውተሩን ነቅለናል። ሁሉም ነገር በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል።» መልእክቱ የመጣው ተነቀለ ከተባለው ኮምፒውተር ነው። ቀጥሎ ቦምቤም መጥፋቷንና ደህና መሆኗን ገለጸች። ሃላሌ ደግሞ መጥፋቷን ካስታወቀች በኋላ ስለ መልካም ትብብራችን አመስግናለች።

እኔ ባለዲግሪው ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ደስ አለኝ። አንድም መልእክት አልጠፋም፣ አንድም አልዘገየም ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ጴጥሮስን ጠርቼ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ከቤሌ የመጣውን አንብበው፣ ቤሌዎች ድሮም ሥነ ሥርዓት ያላቸው ናቸው አሉ። ሲስተሙ በለስላሳ መጠጥና በረጅም ንግግር ተመረቀ።

ከዚያ ክረምት ገባ። ሃላሌ የምር ጠፋች። ብዙ ቀን ያለ መስመር ቆይታ ስትመለስ የእሷ ኮምፒውተርና የሶዶው ተያዩ፤ አልተስማሙም። የእኔ ሲስተም እንደ ዘመኑ ሹም ሁሉ የበላዩን፣ ሶዶን፣ አመነ። ሶዶ ደግሞ የሚያውቀው ከመቋረጡ በፊት የነበረውን፣ ሙሉውን ማቀዝቀዣ ነው። ያን ሐሙስ አንድ ሰው እንኳ ሶኬት ነቅሎ ቢሆን ይህ ስህተት በዕለቱ በታየ ነበር። መኪናው ለቦምቤና ለቤሌ አድርሶ፣ ሃላሌ ሙሉ ናት ተብሎ ከመንገድ ተመለሰ።

በሃላሌ የክትባቱ ኃላፊ ነርሷ ሲስተር መሰለች ናት። ደወለችልኝ። በመጀመሪያ የእኔን፣ ቀጥላ የእናቴን ጤና ጠየቀች። ደህና ነን አልኳት። እሷም ደህና ናት። ተሰነባበትን። ስልኩ ከመዘጋቱ በፊት፣

«ብቻ፣ ወንድሜ» አለች፣ «እታች ቆላው ቀበሌ ኩፍኝ ገብቷል። ነገ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጡብኛል። እኔ ጋ ክትባት የለም። ያንተ ኮምፒውተር ደግሞ ሞልቶሻል ይለኛል።»

ጋሽ ጴጥሮስን እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም ሳይቀረኝ መኪና ለምኜ፣ በማግስቱ በጠዋት የክትባቱን ሳጥን እንደ ሕፃን ታቅፌ ወጣሁ። ቤሌ ላይ በረዶ ለመቀየር ቆምን። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ማርቆስ በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው። እንዴት ነዎት? በወላይትኛ ሳሮ ነው፣ ደህና፣ ጌታ ይመስገን። ማቀዝቀዣውስ? ሳሮ ነው። የዚያን ሐሙስ ነገር ሳነሳባቸው መሬት መሬት አዩ።

«ልጄ፣ እንዴት ነው የምንነቅለው? አንተ የኛ ልጅ ነህ። ሲስተሙ ቆመ ከተባለ አንተ ነህ የምትገመገም። የዚያን ቀን መብራቱ ራሱ ሲሄድብን ከቤተ ክርስቲያን ጄኔሬተር ተውሰን አስነሳን።»

አስቡት። እኔ የምለምነውን መቋረጥ ፈጣሪ በነፃ ልኮልኝ ነበር፤ እነሱ ግን ለእኔ ሲሉ በጄኔሬተር መለሱት። ላቅፋቸውም ፈለግሁ፣ ልጮህባቸውም ፈለግሁ። የሃላሌን ነገር ያውቁ እንደሆነ ስጠይቃቸው ምላሳቸው ተፈታ። መስመሩ የተበጠሰው ባሕር ዛፍ ወድቆበት መሆኑን፣ ክትባቱ ካለቀ መሰንበቱን፣ ኩፍኙ ከየት እንደጀመረ፣ ሁሉን ከአውቶቡስ ተሳፋሪ ሰምተዋል። ለምን እንዳልነገሩኝ ብጠይቅ፣ «የጠየቅከኝ ስለ ራሴ ነዋ» አሉኝ።

ሃላሌ ስንደርስ እናቶቹ አልተበተኑም። ሲስተር መሰለች እንዳይሄዱባት ስለ እጅ መታጠብ ከጠዋት ጀምራ እያስተማረች፣ ትምህርቱ አልቆባት እንደገና ከመጀመሪያው ጀምራ ነበር፤ ከፊት የተቀመጡት ከእሷ እየቀደሙ ይመልሳሉ። ሳጥኑን ስታይ ትምህርቱን መሃል ላይ ተወችው። ሕፃናቱ በየተራ ሲያለቅሱ ከዚያ የበለጠ ጥሩ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። በመሃል የቤሌ ማቀዝቀዣ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «የማርቆስ? በሩ አይገጥምለትም፤ በገመድ ነው የሚያስረው» አለች።

ሶዶ ተመልሼ የግድግዳውን ወረቀት አነሳሁና እንደገና ነደፍኩ። ከእንግዲህ ማንም ስለ ራሱ አይጠየቅም፤ ቤሌ ስለ ሃላሌ፣ ሃላሌ ስለ ቦምቤ፣ ሁሉም ስለ ጎረቤቱ ይናገራል። ሦስት ከተማ አንድ ቃል ከተናገረ እንደ እውነት ይያዛል። በኋላ እንደተረዳሁት በውጭው ዓለምም እልፍ ኮምፒውተር ያላቸው ሰዎች የሞተውን ከዘገየው የሚለዩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ዘዴውንም በገዛ ቋንቋቸው ሐሜት ብለውታል። በሚቀጥለው ክረምት የሃላሌ ክትባት ማነሱን ቤሌ ቀድማ ተናገረች፤ ሲስተር መሰለች ስልክ ሳታነሳ መኪናው ደጇ ቆመ።

ጋሽ ጴጥሮስ በኩራት ተሞልተው ከክልል የመጡ እንግዶችን ይዘው ወደ ቢሮዬ ገቡ። እኔ አልነበርኩም። ለካስ ንድፌ እንዳያዳላ ብዬ ሶዶንም ጎረቤት ከሚናገርባቸው ከተሞች ጋር ደምሬያታለሁ። በስክሪኑ ላይ የቦምቤ፣ የቤሌና የሃላሌ አንድ ቃል ተጽፎ ጠበቃቸው። «ሶዶ፦ ባለሙያው ከምሳ በኋላ ቢሮ አይመለስም። ስልክም አያነሳም።»

የዚያን ቀን ግን ስልኩን አነሳሁ፤ ጁስ ቤት ተቀምጬ። ጋሽ ጴጥሮስ ናቸው። መልእክቱን ረጋ ብለው አነበቡልኝና፣ እንግዶቹ እየሰሙ፣ «ይሄ ሲስተም ይሳሳታል እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይሳሳታል ብል እኔ ተረፍኩ። ከዚያ በኋላ ግን ቤሌ ስለ ሃላሌ የምትለውን ማን ያምናል? የአቮካዶዬን ብርጭቆ ገፋ አደረግሁት።

«አይሳሳትም» አልኳቸው።