የጫግኒ ንቦች በእንጅባራ

ያየውን ሁሉ በዓይነት በዓይነቱ ካልለየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ እንጅባራ ውስጥ ጎረቤቴ ነው። መምህር አየነው ባዮሎጂ ያስተምራል፤ ብቻውን ይኖራል። ድንች ብታቀርቡለት ዓይነቱን ሳይነግራችሁ አይጎርስም።

አምና ጥሩወርቅ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ከቆላው ከጫግኒ ወደ እኛ ደጋ መጥታ ከጎኑ ተከራየች። አንድ ቀፎ ንብም ይዛ ነበር። መምህሩ ንቦቹን ሊመረምር ተጠግቶ ተነደፈ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቶ እንኳ ማስተማሩን አልተወም።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ የእርስዎ ንቦች ትንንሽና ቢጫ ናቸው፤ የደጋዎቹ ግን ተለቅና ጠቆር ይላሉ። ዝርያቸው አንድ ነው፤ ንዑስ ዝርያቸው ይለያያል።»

«ቢገናኙ አይዋለዱም?» አለችው፣ ዓይኑን በእርጥብ ጨርቅ እየያዘችለት።

«ይዋለዳሉ እንጂ! ልጆቻቸውም መካን አይሆኑም። ዝርያቸው አንድ ነው ያልኩት ለዚህ ነው።»

«ታዲያ ለይቶ ያቆያቸው ምንድን ነው?»

«አንዱ ደጋ፣ አንዱ ቆላ መኖሩ ነዋ! በሚገናኙበት ቦታማ ይደባለቃሉ፤ የቱ የቱ እንደሆነ ለመለየት እኛም እንቸገራለን።»

«እኔ እንግዲህ ደጋ መጥቻለሁ» አለች ቀስ ብላ።

ለተማሪ ጥያቄ መልስ አጥቶ የማያውቀው ሰው ያበጠውን ትቶ ደህናውን ዓይኑን ማሸት ጀመረ። እኔ ከአጥሬ ወዲህ ቆሜ «መልስ እንጂ!» ልለው ምንም አልቀረኝም።

በጥር ተጋቡ። በመካከላቸው የነበረውን አጥር ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

ሰሞኑን ቀፎው በር ላይ ጠቆር ያሉም ቢጫም ንቦች አየሁና «መምህር፣ እነዚህስ የየት ናቸው?» አልኩት። ረጅም ማብራሪያ ስጠብቅ ሚስቱን አየት አድርጎ፣

«የእኛ ናቸው» አለኝ።